ነጩ ሌንስ፦ ባቲ ላይ ንጉሥ፣ ሐይቅ ላይ ምስኪን

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን ልመልስና ወደ ጉዳዩ ልግባ። የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ አይደለሁም። ከየትም አልተላክሁም። በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ፎቶ የትርፍ ጊዜ ሱሴ ነው፣ ይህ ሁሉ ጥያቄ የሚመጣብኝም ካሜራዬ ላይ የተገጠመው ሌንስ ነጭ ስለሆነ ብቻ ነው። አንዴ ደሴ ላይ ጥምቀት ሲከበር አንድ አስተናባሪ ወጣት "ሚዲያ ነው፣ አሳልፉት" ብሎ ገመዱን ከፍ አድርጎልኛል። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን አላረምኩትም።

ሌንሱ ካኖን ኢኤፍ 70-200 ሚሊሜትር ኤፍ 4 ኤል ዩኤስኤም ይባላል። ሚሊሜትሩ የሩቁን ምን ያህል እንደሚያቀርብ ይናገራል፣ ኤፍ የሚለው ደግሞ ምን ያህል ብርሃን እንደሚያስገባ፣ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ይበዛል። ስሙ ስለሚረዝም እኔና ጓደኞቼ "ነጩ" እንለዋለን። ካኖን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ እንደዚሁ በፈረንጅ ናቸው። ዛሬ ደሴ ላይ ሰርግ ከሚቀርጹት ልጆች አንዳንዶቹ ያኔ አልተወለዱም። በ2006 የእጅ መንቀጥቀጥን የሚያረጋጋ ስታቢላይዘር ያለው ወንድሙ መጣ፣ በ2018 ደግሞ የዚያው ሁለተኛ ትውልድ ወጣ። የእኔው የመጀመሪያው ነው፣ ስታቢላይዘር የሌለው፣ አሮጌው። ሁለት ዓመት ከምናምን ይዤው ዞሬያለሁ፣ ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው በአንድ ቅዳሜ ሙከራ አይደለም።

ነጭ የሆነው ለጉራ እንዳይመስላችሁ። ውስጡ 16 መስታወት አለ፣ ከእነሱ አንዱ ፍሎራይት ነው። ፍሎራይት ሙቀት ሲያገኘው ከተራ መስታወት ይበልጥ ያብጣል፣ ቀለሙ ነጭ የሆነውም የፀሐዩን ሙቀት እንዲመልስ ተብሎ ነው። ባቲን በግንቦት ያየ ሰው ለምን እንደሆነ አይጠይቅም።

የገዛሁት አዲስ አበባ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ነው። ስሙን አልጽፍም። ሻጩ "እንደ አዲስ ነው ወንድሜ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው የተጠቀመበት" አለኝ። ያ አንድ ሰው ምን ሲሠራበት እንደኖረ እንጃ፣ ቀለሙ ሦስት ቦታ ተልጧል። ፀሐይ እንዲከልል ከፊት የሚገጠመው ሁድ ደግሞ የሌላ ሌንስ ሁድ ኖሯል፣ ደሴ ደርሼ ልግጠመው ብል እምቢ አለኝ። ስደውልላቸው "እሱን እኮ በነፃ ነው የሰጠንህ" ተባልኩ። አልተጣላሁም። ብጣላም ደሴና አዲስ አበባ መካከል ያለውን መንገድ ለአንድ ፕላስቲክ ብዬ አልመላለስበትም።

ዕድሜውን ግን ራሴ ደረስኩበት። በአሮጌዎቹ የካኖን ሌንሶች ላይ፣ ካሜራው ላይ በሚገጠመው በኩል ባለው ጥቁር ጠርዝ፣ በጣም ትንንሽ ፊደልና ቁጥር ታትሟል። የእኔው በዩ እና በአር ይጀምራል። የመጀመሪያዋ ፊደል ፋብሪካውን ትናገራለች፣ ዩ ማለት ጃፓን አገር ኡትሱኖሚያ ነው። ሁለተኛዋ ዓመቱን ትናገራለች። ኤ 1986 ተብሎ ይጀመርና ፊደሉን እየቆጠራችሁ አር ላይ ስትደርሱ 2003 ይሆናል። ሻጩ "ቢበዛ አምስት ዓመቱ ነው" ብሎኝ ነበር።

ዋጋውን አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ቁጥር ከነገ ወዲያ ውሸት ይሆናል፣ ዶላሩን ታውቁታላችሁ። ይህን ብቻ ልበል፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ከነበረው ስታቢላይዘር ያለው ወንድሙ ዋጋ ከግማሽ ባነሰ ነው ያነሳሁት። ለደሞዝተኛ ይህ ብዙ ነገር ነው።

አያያዙ ሸጋ ነው። 705 ግራም ይመዝናል፣ ርዝመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ዙም ስታደርጉት ወደ ውጭ አይወጣም፣ ባለበት ሆኖ ውስጡ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ይህ ለፎቶ አንሺ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም የሚወጣና የሚገባ ሌንስ እንደ ወናፍ አቧራ ይስባል፣ በኛ አገር ገበያ ደግሞ የአቧራ እጥረት የለም። ፎከስ ሲያደርግም የፊቱ መስታወት አይዞርም። ሞተሩ ድምፅ የለውም ማለት ይቻላል፣ ፍጥነቱም ዛሬም አያሳፍርም። አውቶ ፎከስ ላይ እያለ ቀለበቱን በእጃችሁ አዙራችሁ ማስተካከል ትችላላችሁ፣ ማብሪያ ማጥፊያ መነካካት አያስፈልግም። ጎኑ ላይ ሁለት ማብሪያ አለ። አንዱ አውቶና ማንዋል ፎከስ መቀያየሪያ ነው። ሌላው ሌንሱ ከ1.2 ሜትር ጀምሮ ይፈልግ ወይስ ከ3 ሜትር ወዲያ ብቻ የሚል ነው። ግመል ወይም ፈረስ ስታነሱ 3 ሜትሩ ላይ አድርጉት፣ በከንቱ ወደ ቅርብ እየሄደ ጊዜ አያባክንም። እኔ ይህን ለማወቅ አራት ወር ፈጅቶብኛል፣ እናንተ በነፃ ወሰዳችሁት።

የጎደለው ነገር አለ። ካሜራው ጋ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ዝናብና አቧራ የሚከላከል ጎማ የለውም። ትራይፖድ ላይ የሚታሰርበት ቀለበትም ከሌንሱ ጋር አይመጣም፣ ለብቻው ነበር የሚሸጠው። እኔ አላገኘሁትም፣ ብዙም አልናፈቀኝም።

የምጠቀምበት ካሜራ ካኖን 60ዲ ነው፣ እሱም የ2010 ሽማግሌ፣ 18 ሜጋፒክስል። ሴንሰሩ፣ ማለትም ውስጡ ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ አነስ ያለው ዓይነት ስለሆነ የሌንሱ እይታ በ1.6 ይባዛል። በትልቁ ሴንሰር ከ112 እስከ 320 ሚሊሜትር እንደማለት ነው። ይህን ቁጥር ሲሰማ ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ "ኦ፣ ለወፍ!" ይላል።

ለወፍ አይደለም። የዚህ ሌንስ ጉዳይ ሁሉ እዚህ ላይ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

ሐይቅ ከተማ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። እሁድ ጠዋት ካሜራውን አንጠልጥሎ መሄድ ነው። ውሃው ዳር፣ ሸምበቆው ላይ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነች ዓሣ አዳኝ ወፍ አለች፣ አየር ላይ ክንፏን እያርገበገበች ቀጥ ብላ ትቆምና እንደ ድንጋይ ትወርዳለች። እሷን ነበር የፈለግሁት። ሦስት እሁድ ተመላለስኩ። አሁን ሒሳብ ሠራተኛ መሆኔን አስታውሱና ሒሳቡን እንሥራው። በ200 ሚሊሜትር፣ በእኔ ካሜራ፣ 30 ሜትር ርቀት ላይ ፍሬሙ ወርዱ 3.3 ሜትር አካባቢ ይይዛል። ወፏ ከምንቃሯ እስከ ጅራቷ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ስለዚህ የፍሬሙን አንድ አሥራ ሦስተኛ ነው የምትይዘው። የተቀረው ውሃ ነው። ቆርጬ ሳሳድገው ወፏ ወፍ መሆኗ ይታወቃል፣ ዓይኗ ግን የለም። ከ30 ሜትር በታች ልጠጋ ስል ትሄዳለች። መጨረሻ ላይ ካሜራውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በላሁ፣ የዚያን እሁድ ምርጡ ነገርም እሱ ነበር።

ጨረቃም ላይ ያው ነው። የኢድ ዋዜማ ጦሳ ተራራ ጫፍ ላይ ቀጭኗን ጨረቃ አነሳለሁ ብዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። በ200 ሚሊሜትር ሙሉዋ ጨረቃ እንኳ የፍሬሙን ቁመት አንድ ስምንተኛ ያህል ብቻ ነው የምትሸፍነው። ቀጭኗማ የጥፍር ቁራጭ መሰለች። ሰፈሩ ሁሉ "ታየች፣ ታየች" ሲል እኔ ስክሪኔ ላይ እየፈለግኋት ነበር። ከታች የከተማውን መብራት አስገብቼ እንደ መልክዓ ምድር ሳነሳው ግን አማረ። ስለዚህ ጨረቃን ለብቻዋ ማሳደግ ለሚፈልግ ሌላ ሌንስ፣ ጨረቃ ያለችበትን ደሴን ለሚፈልግ ግን ይኸው።

እንግዲህ ለምን ንጉሥ አልኩት? ባቲ እንውረድ።

ባቲ ገበያው ሰኞ ነው። አለቃዬ ሰኞ ሰኞ ለምን እንደምታመም የገባው ይመስለኛል፣ ግን እስካሁን ዝም ብሏል። ከደጋው አማራና ኦሮሞው፣ ከቆላው አፋሩ፣ ግመሉ፣ ፍየሉ፣ እህሉ፣ ሁሉም አንድ ሜዳ ላይ ነው። እዚህ ላይ 70-200 ልክ እንደ ጓንት ይገባል። በ70ው የሰው ቡድን ትይዛላችሁ። በ200ው፣ ካሜራውን ቁም አድርጋችሁ ከያዛችሁት፣ አሥር ሜትር ላይ ያለ ሰው ከወገቡ በላይ ፍሬሙን ሞልቶ ይመጣል። ከኋላው ያለው ግርግር፣ ፌስታሉ፣ ሞተር ሳይክሉ፣ የባጃጁ ሰማያዊ፣ ሁሉም ቀልጦ ለስላሳ ቀለም ይሆናል። ፊቱ ላይ ያለው እያንዳንዱ መስመር ግን አለ። ከኤፍ 4 ጀምሮ ጥርት ያለ ነው፣ ኤፍ 5.6 ላይ ለማጥራት መጠበቅ አያስፈልግም። በተለይ የሚገርመኝ ቀለሙ ነው፣ ጥቁር ግመል ከነጭ ሰማይ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ርካሽ ሌንሶች የሚያወጡት ያ ሐምራዊ መስመር እዚህ የለም ማለት ይቻላል።

ርካሽ ዙም ላይ 5.6 የሚለው ቁጥር 200 አካባቢ ስትደርሱ ግድ ይሆናል። ይኼኛው ከ70 እስከ 200 ድረስ ኤፍ 4 ነው። በ4 እና በ5.6 መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል፣ ግን የብርሃኑ መጠን በእጥፍ ይለያያል። አንድ ሰከንድ ለ250 የነበረው ሹተር ስፒድ (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ለ500 ይሆናል፣ የሚራመድ ግመል ደግሞ ይህን ይፈልጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ፎከሱ ስስ ነው። በ200 ሚሊሜትር፣ በኤፍ 4፣ ሦስት ሜትር ላይ የቆመን ሰው ስታነሱ ጥርት የሚለው ጥልቀት ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ነው። ዓይኑ ከጠራ ጆሮው ይደበዝዛል። ፎከሱ አፍንጫ ላይ ካረፈ ፎቶው ሄደ። መጀመሪያ ሰሞን ከነጩ ጋር ያነሳኋቸው ፎቶዎች ግማሾቹ ላይ በጣም ጥርት ያለ የአፍንጫ ጫፍ አለ። የመሃሏን የፎከስ ነጥብ ብቻ ምረጡና ቅርብ ያለው ዓይን ላይ አስቀምጡ፣ መፍትሔው ይኸው ነው።

ስለ ሰው ፊት ካነሳሁ አይቀር ይህን ልንገራችሁ። አንድ ሰኞ ሎሚ የሚሸጡ እናት አየሁ፣ የልጅ ልጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል፣ ፀሐዩ በሸራው ቀዳዳ ፊታቸው ላይ እየወረደ። ከሩቅ ሆኜ ሦስት አነሳሁ። አይተውኛል። በእጃቸው ጠሩኝ። ስጠጋ ፊቴ ላይ ድንጋጤ ያዩ መሰለኝ፣ "አብሽር፣ አልቆጣህም" አሉ መጀመሪያ። ቀጥለው፣ "ግን ልጄ፣ እንዲህ ከሩቅ እንደ አዳኝ ከምታነጣጥርብኝ መጥተህ ብትጠይቀኝ ምን ይጎድልብሃል?"

የምመልሰው አጣሁ። ስክሪኑን አሳየኋቸው። የራሳቸውን ትተው የልጁን ብቻ ነው ያዩት። "ማሻ አላህ በል፣ ዓይን አለ" አሉኝ። አልኩ። ከዚያ እያወቁ፣ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ከአራት ሜትር ላይ አነሳኋቸው። ግድግዳዬ ላይ ያለው ያ ሁለተኛው ነው፣ ዓይናቸው ቀጥ ብሎ ሌንሱ ውስጥ ይገባል፣ ከሩቅ የሰረቅኋቸው ሦስቱ አጠገቡ ቢሰቀሉ ምንም አይመስሉም። በሳምንቱ አሳትሜ ወሰድኩላቸው። አንድ ፌስታል ሎሚ ሰጡኝ፣ ሒሳቡን ብል "ሂድ ወዲያ" አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ይህን ሌንስ ከአራት እስከ ስድስት ሜትር ነው የምጠቀምበት፣ ጠይቄ። በዚያ ርቀት ሰውየው ሥራውን መቀጠል ይችላል፣ አፍንጫው ሥር ካሜራ አልተደቀነም፣ እኔም መንደር ለመንደር እንደሚያደባ ሰው አልመስልም። የነጩ ትክክለኛ ርቀት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ባቲ ላይ አንድ ሌላ ነገር። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ርቀት ላይ ያለን ነገር አታንሱ። መሬቱ ይግላል፣ አየሩ ይርገበገባል፣ ሃምሳ ሜትር ላይ ያለው ግመል ውሃ ውስጥ የቆመ ይመስላል። መጀመሪያ ሌንሱ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ነበር። ሌንሱ ምንም አልሆነም፣ ያነሳሁት አየሩን ነው። የትኛውም ብር ያንን አያስተካክለውም። ማልዶ መሄድ ነው።

አሁን ወደ መጥፎው። ስታቢላይዘር የለውም ብያለሁ። ቀን ላይ ይህ ችግር አይደለም፣ የወሎ ደጋ ፀሐይ ብርሃን አትቆጥብም። ደንቡ በሰፊው ይታወቃል፣ በ200 ሚሊሜትር፣ በትንሹ ሴንሰር፣ በእጅ ይዞ ለማንሳት ቢያንስ አንድ ሰከንድ ለ320 ያስፈልጋል። ከጠዋት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ይህን በቀላሉ ታገኛላችሁ። ሲመሽ ግን ነጩ እጁን ይሰጣል።

ይህን የተማርኩት ላሊበላ ላይ ነው። ገናን ላከብር በወልዲያ አድርገን ወጣን። ሌሊቱን ጧፍ በያዘው ሕዝብ መሃል ቆሜ፣ አይኤስኦውን (የካሜራውን ብርሃን የመቀበል አቅም) 6400 አድርሼ፣ አሁንም ሹተሩ አንድ ሰከንድ ለ40 ነው የሚለኝ። ከመቶ በላይ አነሳሁ። ሰባት ቀሩኝ፣ ከሰባቱም አምስቱን ዛሬ ባየው አጠፋዋለሁ። አጠገቤ የነበረው ልጅ ሰው ሁሉ በሚንቀው በ50 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8፣ ያቺ ትንሿ የፕላስቲክ ሌንስ፣ ቤተ ክርስቲያኑን ከነጧፉ አምጥቶታል። ቀናሁበት።

ጠዋት ግን ተራው የእኔ ሆነ። ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል ካህናቱ ከላይ ማሜ ጋራው ላይ ተደርድረው ይቆማሉ፣ ከታችም ከላይም እየተቀባበሉ ያሸበሽባሉ፣ ሕዝቡ ደግሞ ጢም ብሏል። መጠጋት የሚባል ነገር የለም። 50 ሚሊሜትር የያዘው ልጅ ቆሞ ቀረ። እኔ ካለሁበት ሳልነቃነቅ አንድ ካህን ብቻ፣ ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ በሰማዩ ላይ የተሰመረውን ነጭ ረድፍ በሙሉ አነሳሁ። አንድ ምክር እዚህ ላይ፣ ጥቁር ቀይ የሆነው ዓለት ፍሬሙን ሲሞላው ካሜራው ጨለማ ይመስለውና ብርሃን ይጨምራል፣ ነጩ ጥምጣምና ኩታ ተቃጥሎ ዝርዝሩ ይጠፋል። ኤክስፖዠሩን፣ ማለትም የብርሃኑን መጠን፣ ካሜራው መለኪያ ላይ በሁለት ሦስተኛ ስቶፕ (ወደ −2/3) ቀንሱት። ሌላው፣ ፀሐይን ፊት ለፊት ካገኘ ሌንሱ እንደ አዳዲሶቹ አይቋቋምም፣ ምስሉ ላይ የወተት ቀለም ያለው ጭጋግ ይለቃል። ትክክለኛው ሁድ የሚያስፈልገው ለዚህ ነበር። ያ ሱቅ ጆሮው ይንጫጫ።

ለማን ይሆናል? እዚህ ላይ ጓደኞቼ አይስማሙም፣ እኔም እንዲመች ብዬ አልዋሽም። ከካሜራ ጋር አብሮ የሚሰጠው 75-300 ካላችሁና ይህን ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ግዙ፣ ሁለት ጊዜ አታስቡ። ያ ሌንስ 300 ላይ ደብዛዛ ነው፣ ፎከሱ ይንገላታል፣ ፊቱም ሲፈልግ ይዞራል። ቆርጣችሁ ያሳደጋችሁት የነጩ 200 ከእሱ 300 ይሻላል፣ ሞክሬዋለሁ። ነገር ግን 55-250 ኤስቲኤም የሚባለው የ2013 ሌንስ ካላችሁ ታገሡ። እሱ 375 ግራም ነው፣ የነጩ ግማሽ ገደማ። ስታቢላይዘር አለው። ጥራቱም ከነጩ ያን ያህል አይርቅም። መገጠሚያው ፕላስቲክ ነው፣ ጫፉ ላይ 5.6 ነው፣ በትልቁ ሴንሰርም አይሠራም፣ ማንም ደግሞ "ሚዲያ ነው፣ አሳልፉት" አይላችሁም። ግን በታክሲና በእግር ለሚዞር፣ ምሽት ለሚያመሽ ጀማሪ፣ እኔ ብሆን እሱን ነው የምመክረው። ነጩን የምመክረው ሰው ፊት ለሚወድ፣ ቀን ለሚያነሳና አንድ ቀን ትልቁን ሴንሰር እገዛለሁ ብሎ ለሚያልም ነው።

የነጭነቱን ጣጣም አስቡት። ሕፃናት "አንሳን! አንሳን!" እያሉ ይከተላሉ፣ ይህ ደስ ይላል። ጥበቃ ደግሞ "ፈቃድ አለህ?" ይላል፣ ይህ ደስ አይልም። ጥቁር ሌንስ ይዘህ ስታልፍ ማንም ዞር ብሎ አያይህም። እኔ ሁለት ጊዜ ቆሜ ፎቶዬን አንድ በአንድ አሳይቼ ነው የተለቀቅሁት። አሁን አንድ ጥቁር ካልሲ ቆርጬ አልብሼዋለሁ። አያምርም፣ ይሠራል።

ያገለገለ ስትገዙ ከምንም በላይ የምትፈሩት ሻጋታን ይሁን። ደሴ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ቤት ውስጥ ገብቶ ቁጭ ይላል፣ ቆዳ ጫማ ይሻግታል፣ ሌንስ ለምን ይቀራል? መብራት አብርታችሁ ከኋላ ወደ ፊት እዩበት፣ አንዴ በቀጥታ አንዴ በጎን። እንደ ሸረሪት ድር የሚመስል ቀጭን ክር ካያችሁ ተዉት፣ በምንም ዋጋ። ትንንሽ የአቧራ ነጥብ ግን ምንም አይደለም፣ ፎቶ ላይ አይታይም፣ በዚያ ተከራክራችሁ ዋጋ ማስቀነስ ትችላላችሁ። ቀጥሎ ካሜራ ላይ ግጠሙትና ፎከስ አስደርጉት፣ ከቅርብ ወደ ሩቅ፣ ሃያ ጊዜ። ሞተሩ ከጮኸ ወይም መሃል ላይ ከቆመ ተሰናበቱት፣ ደሴ ውስጥ የሚጠግነው ሰው እኔ አላገኘሁም። ስክሪኑ ላይ ኤረር 01 ከመጣ ግን ወዲያው አትሽሹ፣ ሌንሱና ካሜራው አልተግባቡም ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ የወርቅማዎቹ መገናኛ ነጥቦች ቆሽሸው ነው። በደረቅ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉና ድገሙት። የእኔ እንዲያ ሲለኝ ጠርጌ ዳነ።

ቤት ስታስቀምጡትም የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን የሚወጡትን እነዚያን ትንንሽ የሲሊካ ከረጢቶች ጨምሩበት። የጎረቤቶቼን ሁሉ ሰብስቤያለሁ። ከደሴ ብርድ ተነስታችሁ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ደግሞ፣ ከ600 ሜትር በላይ ነው የምትወርዱት፣ ሌንሱን ወዲያው ከቦርሳ አታውጡት። ቀዝቃዛው መስታወት ላይ እርጥበት ይቋጥራል። ሻይ ጠጡ፣ ሃያ ደቂቃ ስጡት።

አዳዲሶቹ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) የሚባሉት ካሜራዎች፣ እነ ካኖን አር፣ ላይም በአዳፕተር ይገጠማል፣ ፎከሱም አያስቸግርም። የጓደኛዬ አር 6 ላይ ሞክረነው ካሜራው ራሱ ሴንሰሩን ስለሚያረጋጋ ላሊበላ ላይ ያቃጠለኝ ችግር ግማሹ ጠፋ። ዓይን ፈልጎ ፎከስ ሲያደርግበት ሳይ የእኔ የአፍንጫ ጫፎች ትዝ አሉኝ። ካሜራውን ስመልስለት ልቤ አልፈቀደም ነበር።

የሐይቋን ወፍ ግን አልተውኳትም። ነጩ ላይ የካኖን 1.4 ኤክስቴንደር፣ ማለትም በሌንሱና በካሜራው መካከል የሚገባ ማጉያ፣ ቢገጠም 280 ሚሊሜትር ኤፍ 5.6 ይሆናል፣ በእኔ 60ዲ ላይም አውቶ ፎከሱ አይጠፋም። ባለ 2 እጥፉ ግን ወደ ኤፍ 8 ስለሚወስደው በዚህ ካሜራ አይሆንም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ 1.4ቱ ያለውና ለአንድ እሁድ የሚያውሰኝ ሰው ካለ ይጻፍልኝ። ቆሮሶው በእኔ ነው።